ኮቺ ሄዳችሁ ደጃፍ ላይ እንዳትመለሱ፦ የአብያተ ክርስቲያናቱ፣ የምኩራቡና የቤተ መቅደሶቹ ጉብኝት ደረጃ በደረጃ

የሕንዷ ኮቺ ደርሰው ግማሹን ሳያዩ የሚመለሱ ሰዎች ችግራቸው አንድ ዓይነት ነው። ዓርብ ማታንቸሪ ወደሚባለው አሮጌ ሰፈር ይሄዳሉ፣ ቤተ መንግሥቱ ዝግ ነው። በማግሥቱ ቅዳሜ ይመለሳሉ፣ አሁን ደግሞ ምኩራቡ ዝግ ነው። ሰኞ ሙዚየም ይሞክራሉ፣ እሱም ዝግ። ቤተ መቅደስ ሲሄዱ ሂንዱ ያልሆነ አይገባም ይባላሉ። እሑድ ቅዳሴ ፈልገው የገቡበት ቤተ ክርስቲያን የካቶሊክ ሆኖ ያገኙታል። ገንዘብም ጊዜም ያወጣ ሰው እንዲህ ሲመለስ ያሳዝናል፤ ሁሉንም አስቀድሞ ማስቀረት ይቻላል።

መመሪያው በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ ክፍለ ግዛት፣ በዓረብ ባሕር ዳርቻ ስላለው የኤርናኩላም አውራጃ ነው። ዋና ከተማው ኮቺ ነው። እዚህ የተጻፈው ሰዓት የኮቺ ሰዓት ሲሆን የምንቆጥረው ግን በእኛ አቆጣጠር ነው። ዓመተ ምሕረቱ ግን ሁሉም በፈረንጆች ነው። በር ላይ ያለው ሰሌዳ 10 ካለ ለእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ማለት ነው። ኮቺ ከአዲስ አበባ በ2 ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። ይህን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ ጀልባና አውሮፕላን ያመለጠው ሰው ብዙ ነው።

1ኛ ደረጃ፦ ከመነሳታችሁ በፊት

የቢጫ ወባ ካርድ

ከኢትዮጵያ ተነስቶ ሕንድ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ መያዝ አለበት። ክትባቱን ከመድረሻችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ውሰዱ፤ ካርዱ የሚጸናው ከ10ኛው ቀን ጀምሮ ነው። ካርድ የሌለው ሰው እስከ 6 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ሊደረግ ይችላል።

እዚህ ላይ በብዛት የሚሳሳቱት ውጭ አገር የሚኖሩ ናቸው። የሚታየው የያዛችሁት ፓስፖርት ሳይሆን የመጣችሁበት አገር ነው። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ይዛችሁ፣ አዲስ አበባ ቤተሰብ ዘንድ ሰንብታችሁ በቀጥታ ወደ ሕንድ ብትበሩ ካርዱ ይፈለግባችኋል። በእጅ ቦርሳ ያዙት፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አትተዉት።

ቪዛ

በሕንድ መንግሥት ድረ ገጽ ወይም በኤምባሲው በኩል ብቻ አመልክቱ። የመንግሥትን ድረ ገጽ አስመስለው ተጨማሪ ክፍያ የሚሰበስቡ አሉ። ስማችሁን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ጻፉ። የአያት ስም ሳጥን ላይ የአባታችሁን ስም አንዴ፣ የአያታችሁን ስም ሌላ ጊዜ ከጻፋችሁ ቪዛውና ቲኬቱ አይገጥሙም።

በረራ

በሙምባይ በኩል ከሄዳችሁ የኢሚግሬሽን ፍተሻውም ሻንጣ መረከቡም እዚያው ሙምባይ ነው። ከዚያ የአገር ውስጥ በረራው ከሌላ ተርሚናል ሊነሳ ስለሚችል በሁለቱ መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ተዉ። ከዱባይ፣ ከዶሃ ወይም ከሌላ የባሕረ ሰላጤው ከተማ የሚነሳ ሰው ቀጥታ ወደ ኮቺ የሚበር አውሮፕላን ያገኛል፤ ድካሙም በጣም ይቀንሳል።

ወቅት

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከባድ የዝናብ ወቅት ሲሆን ባሕሩም አደገኛ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሁለተኛ ዝናብ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል ጠዋቱን መጠቀም ይቻላል። መጋቢትና ሚያዝያ ይወብቃል፤ ላብ ልብስ ላይ አይደርቅም።

2ኛ ደረጃ፦ ቀኖቹን መደልደል

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት ይህ ነው። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ወረቀት አውጡና በዚህ ቅደም ተከተል ሙሉት።

1. ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ፦ ማታንቸሪና ፎርት ኮቺ። ከሦስቱ አንዱን ምረጡ። የማታንቸሪ ቤተ መንግሥት ዓርብ ዝግ ነው። የፓራዴሲ ምኩራብም ዓርብ ለሰንበት ይዘጋል፣ ቅዳሜና በአይሁድ በዓላት ደግሞ ጭራሽ አይከፈትም። በመስከረምና በጥቅምት የአዲስ ዓመት፣ የዮም ኪፑርና የዳስ በዓላት ስለሚደራረቡ የዚያን ወር ቀን በአይሁድ ካሌንደር አስተያዩት።
2. ዓርብ፦ የቼራይ ባሕር ዳርቻ። ዓርብ የሚዘጋ በር የለውም።
3. ቅዳሜ፦ ማላያቱር ተራራና ካላዲ፣ አለበለዚያ ኮታማንጋላም።
4. እሑድ፦ ጠዋት ቅዳሴ፣ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት።
5. ሰኞ፦ የጉዞ ወይም የግብይት ቀን አድርጉት። በትሪፑኒቱራ ያለው የሂል ፓላስ ሙዚየም፣ በፎርት ኮቺ ያለው የኢንዶ ፖርቱጋል ሙዚየም፣ በፓራቩርና በቼንዳማንጋላም ያሉት የቀድሞ ምኩራቦች ሰኞ ዝግ ናቸው።

ከእስራኤል ለምትመጡ፦ ፓራቩርና ቼንዳማንጋላም ከማታንቸሪ ይልቅ ጸጥ ያሉ ናቸው፤ አንዱን ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጨምሩበት። የኮቺ አይሁድ አብዛኞቹ በ1950ዎቹ ወደ እስራኤል ስለሄዱ ሁለቱ ምኩራቦች ዛሬ ሙዚየም ናቸው፤ ጸሎት አይደረግባቸውም።

ሃርታል ከመጣስ? በኬረላ የፖለቲካ ፓርቲዎችና ማኅበራት የሥራ ማቆም አድማ ሲጠሩ ሱቅ፣ አውቶቡስና ባጃጅ ሁሉ ይቆማል፤ ስሙም ሃርታል ነው። በየማታው የሆቴሉን ሰው “ነገ ሃርታል አለ?” ብላችሁ ጠይቁ። ካለ ከሆቴላችሁ በእግር የሚደረሰውን ብቻ አድርጉ። በዚያ ቀን በረራ ካላችሁ ሌሊት ውጡ፤ መንገድ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ከንጋት በኋላ ነው።

3ኛ ደረጃ፦ ሻንጣ

- ነጠላ። ለሴቶች በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ራስ መሸፈኛ፣ በምኩራብና በካቶሊኮቹ የሳንታ ክሩዝ ባዚሊካ ትከሻ መሸፈኛ ይሆናል። ሌላ ሻርፕ አትግዙ።
- ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሱሪ ወይም ቀሚስ። ቁምጣና እጅጌ የሌለው ልብስ ለባሕር ዳርቻ ብቻ።
- በቀላሉ የሚወልቅ ጫማና ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ። በቀን 6 ሰዓት ላይ በፀሐይ የጋለ ድንጋይ ባዶ እግርን ያቃጥላል።
- ጫማ መያዣ ፌስታል፣ ጃንጥላ፣ ትንኝ መከላከያ ቅባት።
- ዶላር ወይም ዩሮ፣ ያልተቀደደና ያልተጻፈበት። የኢትዮጵያ ብር እዚያ አይመነዘርም። ከመነዘራችሁ በኋላ ባለ 10፣ ባለ 20 እና ባለ 50 ሩፒ ኖት ለይታችሁ ያዙ፤ መግቢያም ባጃጅም የሚከፈለው በእነሱ ነው። ሕንዶች የሻይ ሒሳብ እንኳ በስልክ ይከፍላሉ፣ እናንተ ግን የሕንድ ባንክ ሒሳብ ከሌላችሁ በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ነው የምትኖሩት።
- የፓስፖርትና የቪዛ ኮፒ ከሁለት ጉርድ ፎቶ ጋር፣ ለሲም ካርድ።

ድሮን አትያዙ። ኮቺ ትልቅ የባሕር ኃይል ጦር ሰፈር ያለባት ከተማ ናት። ከጀልባ ላይ የጦር መርከብ ፎቶ ማንሳትም ችግር ውስጥ ይከታል።

4ኛ ደረጃ፦ ከአየር ማረፊያ ወደ ማረፊያ

አየር ማረፊያው ኔዱምባሴሪ ነው። ከኤርናኩላም መሐል 30፣ ከፎርት ኮቺ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

1. ሻንጣ ከተቀበላችሁ በኋላ ሳትወጡ ቅድመ ክፍያ ታክሲ የሚለውን መስኮት ፈልጉ።
2. የሆቴሉን ስም ብቻ ሳይሆን “ፎርት ኮቺ” ወይም “ኤርናኩላም” መሆኑን ንገሩ። ሁለቱ በውኃ የተለያዩ ናቸው። በስህተት ወደ ሌላው ከሄዳችሁ በከተማው መጨናነቅ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይፈጃል።
3. ደረሰኙን ያዙ፤ ለሾፌሩ የምትሰጡት ስትደርሱ ነው።

የት ልረፍ? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ፎርት ኮቺ፣ ማላያቱርና ኮታማንጋላም ለመሄድ ደግሞ ኤርናኩላም ይሻላል። ከኤርናኩላም ወደ ፎርት ኮቺ ለመሻገር ሃይኮርት ከሚባለው ጣቢያ በውኃ ሜትሮ፣ ማለትም በዘመናዊው የሕዝብ ጀልባ፣ ሂዱ። ቲኬቱ 40 ሩፒ፣ መንገዱ 20 ደቂቃ ያህል ነው። ቅዳሜና እሑድ ወረፋው ረዥም ነው። ወረፋው ካስመረራችሁ በእግር ወደ ዋናው የጀልባ ወደብ ሄዳችሁ የመንግሥቱን ተራ ጀልባ ያዙ። ያረጀ ቢሆንም ዋጋው ከአንድ ስኒ ሻይ አይበልጥም።

5ኛ ደረጃ፦ የማታንቸሪና የፎርት ኮቺ ቀን

ብዙ ሰው ቀኑን በባሕሩ ዳር ካሉት የቻይና የዓሣ ማጥመጃ መረቦች ይጀምራል። ስህተቱ ይህ ነው። ማታንቸሪ ሲደርስ ምኩራቡ ለምሳ ተዘግቷል። ተቃራኒውን አድርጉ።

1. ከ4 ሰዓት በፊት ማታንቸሪ ድረሱ። ከፎርት ኮቺ ባጃጅ ያዙ፣ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሾፌሩ ዋጋውን ከልክ በላይ ካረከሰላችሁ ወይም “ከተማውን ሁሉ በትንሽ ብር ላዙራችሁ” ካለ አትግቡ። የሚያዞራችሁ ኮሚሽን የሚከፍሉት የቅመምና የምንጣፍ ሱቆች ዘንድ ነው። “ሱቅ የለም፣ ቀጥታ ምኩራብ” በሉት።

2. በመጀመሪያ የፓራዴሲ ምኩራብ። በ1568 የተሠራ ነው። ጫማ ታወልቃላችሁ፣ ቦርሳ ውጭ ይቀመጣል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠባቂውን ጠይቁ። ወለሉን እዩ፦ ከቻይና የመጡ በእጅ የተሳሉ ሰማያዊና ነጭ ንጣፎች ናቸው። ወደ ታቦቱ መጋረጃ አትጠጉ፣ በገመድ የተከለለውን አትለፉ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

3. ቀጥሎ ቤተ መንግሥቱ። ከምኩራቡ ጎን ነው፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ። የሚታየው የውጭው ሕንፃ ሳይሆን በመኝታ ክፍሎቹ ግድግዳ ላይ ያለው የራማያና ታሪክ ሥዕል ነው። ሥዕሎቹን ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ከ7 ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ እሱም ለምሳ ይዘጋል።

4. ከምሳ በኋላ የኩናን መስቀል ቤተ ክርስቲያን። በማታንቸሪ ውስጥ የሚገኝ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተሰየመ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በጥር 3 ቀን 1653፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የቅዱስ ቶማስ ክርስቲያኖች ከመስቀል ላይ ገመድ አስረው፣ ገመዱን ተያይዘው ለፖርቱጋል ኢየሱሳውያን አንገዛም ብለው የማሉት በዚህ ሰፈር ነው። የሱስንዮስን ዘመን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ባጃጁ ቦታውን ካላወቀው “ኩናን ኩሪሹ ፓሊ” በሉ፤ ፓሊ ማለት ቤተ ክርስቲያን ነው።

5. ከ10 ሰዓት በፊት ፎርት ኮቺ ተመለሱ። ቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን 11 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። በወለሉ ላይ ያለው የቫስኮ ዳ ጋማ የመቃብር ድንጋይ ብቻ ነው፤ በ1524 ሞቶ እዚህ ቢቀበርም አፅሙ ኋላ ወደ ሊዝበን ተወስዷል። ከዚያ በእግር ወደ ሳንታ ክሩዝ ባዚሊካ እለፉ። ሰርግ ወይም ቅዳሴ ካለ ከኋላ ቆማችሁ ጠብቁ፤ በመሐል አትመላለሱ።

6. የቻይና መረቦቹ ለጀንበር መጥለቂያ። ዓሣ አጥማጆቹ “ና ገመድ ሳብ” ብለው ከጠሯችሁ ኋላ ገንዘብ ይጠየቃል። መሳብ ከፈለጋችሁ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ካልፈለጋችሁ ከእግረኛው መንገድ ላይ ሆናችሁ ያለክፍያ አንሱ። እዚህ አትዋኙ። የመርከብ መተላለፊያ ነው፣ ውኃው ይስባል።

6ኛ ደረጃ፦ የእሑድ ቅዳሴ

በኬረላ አብያተ ክርስቲያናቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ማርያም፣ ጊዮርጊስና ቶማስ የሁሉም ስሞች ናቸው። ሰሌዳውን እንዲህ አንብቡ።

- ማላንካራ ኦርቶዶክስ ወይም ያኮባይት፦ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ የሆኑ ኦሪየንታል ኦርቶዶክሳውያን። በ1965 በአዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ አብረውን ተቀምጠዋል።
- ሲሮ ማላባር፣ ሲሮ ማላንካራ፣ ላቲን፦ ሦስቱም ካቶሊክ።
- ማር ቶማ፦ የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን። ነገር ግን ቃሉ “ቅዱስ ቶማስ” ማለት ስለሆነ የሌሎችም ስም ውስጥ ይገባል። ኮታማንጋላም ያለው ማር ቶማ ቼሪያ ፓሊ የያኮባይት ነው፤ በ1685 የመጡት የቅዱስ ባስልዮስ ይልዶ መቃብር እዚያ አለ። በዓሉ በጥቅምት መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ፣ ሲሆን ሕዝቡ ከየአቅጣጫው በእግር ይጎርፋል። በዚያ ሰሞን በመኪና ለመሄድ አትሞክሩ።

የጊዮርጊስ ወዳጆች ኤዳፓሊ ያለውን ትልቅ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይወዱታል። ሜትሮ ባቡር በአጠገቡ ይቆማል። እሱ ግን ሲሮ ማላባር ካቶሊክ ነው፤ ለመሳለም እንጂ ለቁርባን አትሂዱበት።

ቅደም ተከተሉ፦

1. ቅዳሜ በስልክ ወይም በአካል የቅዳሴውን ሰዓት ጠይቁ። የጠዋት ጸሎቱ ማልዶ ይጀምራል፤ ቅዳሴው ይከተላል።
2. ጫማ አውልቁ፣ ሴቶች ራሳችሁን ተከናነቡ። ወንድና ሴት ለየብቻ ስለሚቆሙ የሰውን አቋቋም አይታችሁ ግቡ።
3. መቁረብ የምትፈልጉ ከጉዞው በፊት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ እዚያም ከቅዳሴው በፊት ካህኑን አግኝታችሁ ማንነታችሁን ንገሩ። ካህን “አቸን” ይባላል። ሳትናገሩ ሰልፍ አትግቡ።
4. በኦርቶዶክስና በያኮባይት ወገኖች መካከል ረዥም የንብረትና የሥልጣን ክርክር አለ። ደጃፍ ላይ አታንሱት፤ ለእነሱ ቁስል ነው።

ካሌንደራቸው የፈረንጆቹ ነው። ልደትን በታኅሣሥ 25 በፈረንጆች ያከብራሉ፣ ፋሲካቸውም ከእኛ ጋር የሚገጥመው አንዳንድ ዓመት ብቻ ነው። ለበዓል ብላችሁ ከሄዳችሁ ቀኑን በእነሱ ቁጠሩ።

7ኛ ደረጃ፦ የሂንዱ ቤተ መቅደሶች

የኤርናኩላም የሺቫ ቤተ መቅደስ፣ ቾታኒካራና የትሪፑኒቱራው ፑርናትራዬሳ የሚያስገቡት ሂንዱ ብቻ ነው። ለመግባት አትከራከሩ፣ ሂንዱ ነኝም አትበሉ። ወንዶቹ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን፣ ነጭ ሽርጥ ታጥቀው ሲገቡ ብታዩ ሥርዓቱ ነው፤ አታፍጥጡ፣ ፎቶ አታንሱ።

ማየት የምትችሉት በአደባባይ የሚደረገውን ነው። በነሐሴ ወይም በመስከረም የኦናም በዓል ሲከፈት በትሪፑኒቱራ መንገድ ላይ አታቻማያም የሚባል ሰልፍ ያልፋል፤ ለሁሉም ክፍት ነው። በካላዲ ለሂንዱው ፈላስፋ ለአዲ ሻንካራ የተሠራው ግንብም ማንንም ያስገባል።

ዝሆን ያለበት ሰልፍ ላይ ተጠንቀቁ። ከፊትም ከኋላም አትጠጉ፣ አትንኩ፣ ሙዝ አትስጡ፣ በፍላሽ አታንሱ። ከበሮውና ርችቱ ያስደነግጣቸዋል፤ ደንግጠው ሰው የገደሉ አሉ። ስትቆሙ ግራና ቀኛችሁን አይታችሁ መውጫ ካለበት ቁሙ፣ ከግድግዳ ጋር የሚያጣብቅ ቦታ አትያዙ። ልጅ በትከሻ ተሸክማችሁ አትግቡ።

8ኛ ደረጃ፦ ማላያቱር

ቅዱስ ቶማስ ጸልዮበታል የሚባል 609 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ሲሆን ከኮቺ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሲሮ ማላባር ካቶሊኮች የንግደት ቦታ ነው።

1. ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታችሁ ከንጋት በፊት ግርጌው ድረሱ። ከ3 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ጉልበት ይጨርሳል።
2. ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውኃ፣ የእጅ ባትሪና የሚይዝ ጫማ ያዙ። ድንጋዩ በብዙ እግር የተላገ ስለሆነ በዝናብ ያንሸራትታል።
3. በመንገዱ የመስቀሉ መንገድ 14 ምዕራፎች አሉ፤ በየሦስት ምዕራፉ እረፉ። መውጣቱ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይፈጃል።
4. ስትወርዱ በፔሪያር ወንዝ አትታጠቡ። ከላይ ጸጥ ያለ ይመስላል፣ ሥሩ ግን በድንገት ይጎደጉዳል፤ ሰምጠው የቀሩ አሉ።

በዐቢይ ጾማቸውና ከፋሲካቸው በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሑድ መንገዱ በሰው ይሞላል። ጸጥታ የምትፈልጉ በሌላ ጊዜ ሂዱ። ለሕክምና መጥታችሁ ያላገገማችሁ፣ የልብ ወይም የጉልበት ችግር ያለባችሁ አትውጡ፤ በግርጌው ያለው ቤተ ክርስቲያን ይበቃል።

9ኛ ደረጃ፦ ቼራይ

ከፎርት ኮቺ መኪና በሚጭነው ጀልባ ወደ ቫይፒን ተሻገሩ፣ ከዚያ አውቶቡስ ይዛችሁ “ቼራይ ዴቫስዎም ናዳ” ላይ ውረዱ። ባሕሩ ከዚያ 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ባጃጅ ያዙ። ነፍስ አድን ሠራተኛ ባለበት ቦታ ብቻ ግቡ፤ በዝናብ ወቅት ከእግር በላይ አትግቡ።

ለጾመኞች

“ንጹሕ ቬጅ” የሚል ሆቴል የጾም ምግብ አለው ማለት አይደለም። ሥጋና እንቁላል የለም ማለት ብቻ ነው፤ ቅቤ፣ እርጎና ወተት ይገባበታል። ስታዙ እንዲህ በሉ፦ “ኔይ ቬንዳ፣ ታይር ቬንዳ፣ ፓል ቬንዳ”፤ ቅቤ፣ እርጎ፣ ወተት አልፈልግም ማለት ነው። አብዛኛው ወጥ በኮኮናት ዘይትና በኮኮናት ወተት ስለሚሠራ አይቸግራችሁም። አፓም የሚባለው ከቦካ የሩዝ ሊጥ የሚጋገር ስስ ቂጣ ለእንጀራ ለመደ ሰው ይስማማል። ዶሳ ስታዙ “ጊ ሮስት” የሚለውን ተዉ፣ በቅቤ የተጠበሰ ነው።

በገበታ ላይ ቀላ ያለ ለብ ያለ ውኃ ቢቀርብላችሁ አትደንግጡ። በእንጨት ፍቅፋቂ የፈላ ውኃ ነው፤ ከቧንቧ ከተቀዳው ይልቅ እሱን ጠጡ።

ፓስፖርት ከጠፋ ወይም አደጋ ከደረሰ 112 ደውሉ። ለፓስፖርት ከፖሊስ የጽሑፍ ማስረጃ ሳትይዙ ከጣቢያው አትውጡ፤ ኒው ዴልሂ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።